አባቴ ያን ቃል ለማን ተናገረው?

በአባቴ ቃል ከጓሳ አስወጡኝ። ያስወጡኝ ወረቀት ላይ ያለው አሻራ ደግሞ የራሴ ነው። ከዚህ የባሰ በደል የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

ጓሳን ለማታውቁ ላስረዳ። መንዝ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያለ ብርዳም ሜዳ ነው፤ የማንም የግል አይደለም፣ የጋራ ነው። ሣሩም ራሱ ጓሳ ይባላል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በበጋ ከብቱና በጉ ይግጠዋል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ተዘግቶ ሳለ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፤ በየተራ እየወጣን እንጠብቀዋለን። ሣሩ ሲደርስ በጉባኤ ተወስኖ ይከፈታል፤ ያን ቀን ድርሻ ያለው ቤት ሁሉ ይወጣል። እዚህ አገር ድርሻ ያለው ሰው ነው ሰው የሚባለው። የሌለው በልቅሶ ላይ ይቀመጣል፣ በሠርግ ይበላል፣ ጎረቤቶቹ ማጭድ ስለው ሲወጡ ግን ደጁ ላይ ቆሞ ያያል።

አባቴ ንጋቱ የጓሳ ዳኛ ነበር። ዝጉ ሲል ይዘጋል፣ ክፈቱ ሲል ይከፈታል። የወለደኝ ግን አይደለም። እናቴ እኔን አዝላ ከመርሐቤቴ ቆላ ስትመጣ አግብቷት በስሙ አሳደገኝ። እንጀራ ልጁ ነኝ። ይህን የማያውቅ የለም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ አፍ አውጥቶ ሲናገረው የሰማሁት ሰው ግን አልነበረም።

ስለ አባቴ የሚወራ አንድ ቃል አለ። በደርግ ጊዜ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ከአጥንታችን ያልሆነ ሰው ከጓሳ አንድ እፍኝ ሣር አይቆርጥም» ብሎ ተናገረ። እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርሁም፤ ተራዬ ደርሶ ጓሳ ጥበቃ ላይ ነበርሁ። ስመለስ ቃሉ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ በሠርግ፣ በማኅበር፣ ሰው ጠላ ሞቅ ሲያደርገው ያን ቃል ያነሣል። እኔም አነሣ ነበር፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ። እኔን ራሴን የሚያስወጣ ቃል መሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። አባቴ ነዋ የተናገረው! የአባቴ ቃል በእኔ ላይ ይዞራል ብዬ እንዴት ላስብ?

በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣ። ኤፍሬም ይባላል። የሚያስተምረው የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ነው፤ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ጋራ ንብረት ምን ሲያስቡ እንደኖሩ ማለት ነው። «የሩቅ አገር ሊቃውንትን ብቻ ለምን እናጠናለን? እዚህም ያሰቡ ሰዎች ነበሩ» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። በድምፅ መቅረጫው ላይ የአባቴን ቃል ነገርሁት። እሱም ሄዶ መጽሐፍ አወጣ።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያገኘው አብሮ አደጌ ይርጉ ነው። ይርጉ የጓሳ ኮሚቴያችን ጸሐፊ ነው፤ ቤቱን ወደ ከተማ አዙሯል፣ ድርሻው ግን ከእኛ ጋር ነው። ያን ጊዜ አዲስ የመተዳደሪያ ደንብ ያዘጋጅ ነበር። ደንቡን በስብሰባ ላይ ሽምጥ እንደሚጋልብ ሰው አነበበውና «አጎናፍር፣ ይህ የአባትህ ክብር ነው፤ መጀመሪያ አንተ ፈርም» አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተጫንሁ፤ እንዳይደበዝዝ ብዬ።

ጓሳ በተከፈተ ቀን ማጭዴን ይዤ ስወጣ ይርጉ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ስምህ የለም» አለኝ።

«እንዴት የለም?»

«ሦስተኛው አንቀጽ። በአባቶቻችን በነንጋቱ ሕግ መሠረት ከመሥራቾቹ ዘር ያልተወለደ ድርሻ የለውም። አንተው ነህ የፈረምኸው።»

በዚያ አንቀጽ ሰባት ቤት ከድርሻ ወጣን። ስድስቱ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እኔ እዚያው ቆሜ ከይርጉ ጋር ልተናነቅ ስል ሰው ያዘኝ። ባለቤቴ ዘነበች ማታ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወረቀቱን አንብበኸው ቢሆን?»

ፊደል ልቆጥር የገባሁት በዚያው ዓመት ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ለምን አልተማርህም የሚለኝ ሰው አለ። አባቴ ታስሮ ነበር። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ስምንት ወር አሰሩት፤ ሞፈር የሚጨብጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሀ ሁ ሲል እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ እገባለሁ። «ተማሪ አጎናፍር! ዛሬ አሳይመንት ሠራህ ወይ?» ይሉኛል መንገድ ላይ። እንደ ሞኝ ስቄ አልፋለሁ፤ ውስጤ ግን እየቆጠረ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ መጽሐፉን ከርእሰ መምህሩ ተዋስሁ፤ ገጹን እስካገኝ አንድ ወር ሄደ።

እንዲህ ይላል፦ «ይህ አባባል በመንዝ የፖለቲካ ሐሳብ ውስጥ የጋራ ንብረት መብት ከዘር ብቻ እንደሚመነጭ ያሳያል።» ብቻ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «ከልጃቸው ከአቶ አጎናፍር ንጋቱ አንደበት የተወሰደ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ማንበብን የረገምሁበት ቀን ያ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው በሦስት ቀን ነው፤ ከዓርብ እስከ እሑድ።

ደንቡ እየተሠራበት ቢሆንም እስከዚያ ድረስ የወረዳ ማኅተም አላረፈበትም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመጨረሻው ጉባኤ ተጠራ፤ ከጸደቀ ሰኞ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነቀንቀውም። ዓርብ ጠዋት ርእሰ መምህሩ «ያ ሰውዬህ ተማሪዎቹን ይዞ መሐል ሜዳ ከተማ ገብቷል» አለኝ። መጽሐፉን በጋቢዬ ጠቅልዬ አራት ሰዓት ተጓዝሁ።

ኤፍሬም በአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ምሳ ሲበላ ደረስሁ። አወቀኝና ብድግ አለ።

«ጋሽ አጎናፍር! ይቀመጡ እንጂ፣ እጅዎን ይታጠቡ።»

«ልበላ አልመጣሁም።» መጽሐፉን ከሳህኑ አጠገብ ጣልሁት። «ገጹን አጥፌልሃለሁ። አንብብ።»

«እርስዎ አነበቡት?»

«አነበብሁት። ምነው፣ ከፋህ?»

ተማሪዎቹ ማኘክ አቆሙ። ስለ አሻራው፣ ስለ ሦስተኛው አንቀጽ፣ ስለ ሰባቱ ቤት ነገርሁት። ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እጁን ሳይታጠብ መጽሐፉን አንሥቶ ገጹን አነበበ፤ የራሱን ጽሑፍ እንደ ሰው ደብዳቤ።

«መጽሐፌ ሕግ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለ።

«እኔም አሻራዬ ቢላዋ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። አሁን ምን ታደርግልኛለህ?»

መጽሐፉን ዘግቶ እንዲህ አለኝ፦ «በእኛ ትምህርት ውስጥ አንድ የቆየ ጠብ አለ። የጥንት ሰው ያለውን እንዴት እናንብበው የሚል። አንዱ ወገን ቃሉ ብቻውን ይበቃል ይላል፤ ትልቅ ሐሳብ ለሁሉም ዘመን ነው፣ የተናጋሪውን መንደርና ጊዜ መቁጠር አያስፈልግም ባይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ማንም ሰው ወደ ባዶ አይናገርም ይላል። ለአንድ ሰው ይመልሳል፣ አንዱን ነገር ይከላከላል፣ አንዱን ይወጋል። ለማን እየመለሰ እንደሆነ ካላወቅን ምን እንዳለ አላወቅንም።»

«አንተ የየትኛው ነህ?»

«ይህን ስጽፍ የመጀመሪያው ነበርኩ።»

«እኛ ደብር ብትመጣ በአንድ ሰንበት ታውቀው ነበር» አልሁት። «መሪጌታ የጳውሎስን መልእክት ሲተረጉሙ መጀመሪያ የሚሉት ለማን ጻፈው፣ ምን ሰምቶ ጻፈው ነው። ቃሉን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድህ ይገርማል።»

አንዲት ተማሪ ሳቋ አመለጣት። ኤፍሬም ዞር ብሎ «ከመሳቅ ጻፊው» አላት። እሷም ጻፈች።

«በል እንግዲህ ሰርዘው» አልሁ።

«አልችልም።»

«ምን አልህ?»

«እርስዎን ስለጎዳ ብቻ ትርጉሙን ብለውጥ ይርጉ ካደረገው በምን እሻላለሁ? እሱም የሚጠቅመውን ነው የወሰደው። አባትዎ ለማን እንደተናገሩ፣ ምን ተጠይቀው እንደተናገሩ እንፈልግ። ያገኘነውን እጽፋለሁ። እሑድም መጥቼ እናገራለሁ። ቢያስወጣዎትም ግን ያንኑ ነው የምናገረው።»

ቢያስወጣዎትም። እጄ ተነሥታ ነበር፤ እግዚአብሔር ያዛት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ያላሰብሁትን ነው ያሰበልኝ። አባቴ እውነትም እኔን ጨምሮ አስቦት ቢሆንስ? በስሙ ጠርቶኝ፣ ሞፈሩን አስጨብጦኝ፣ በልቡ ግን የሌላ ሰው ልጅ አድርጎኝ ቢሆንስ? ሣሩ ይቅር። ይህን ሳላውቅ ከምሞት አውቄው ብሞት ይሻላል ብዬ ተቀመጥሁ።

«ስብሰባው ላይ ከነበሩት ማን በሕይወት አለ?» አለኝ።

አሰብሁ። ሽማግሌዎቹ አልቀዋል። ልጆች የነበሩትም ከጩኸቱ በቀር የያዙት ነገር የለም። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ስብሰባውን የጠራው ካድሬ፣ መኩሪያ። አባቴን ያሰረው እሱ ነው። ዘመሮ እንደሚኖር አውቃለሁ። ገበያ ላይ ባየው እንዳልሳሳት ብዬ ያን ከተማ ከረገጥሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ።

«አንድ ሰው አለ» አልሁ፤ ስሙንም ነገርሁት።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ኤፍሬም ቀስ ብሎ። «ያኔ የቀረፅኩት አሁንም አለኝ። ለማን ነው የተናገሩት ብዬ እርስዎን ጠይቄዎት ነበር።»

«ምን አልሁ?»

«ነገ መኪና ውስጥ እናዳምጠዋለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዘመሮ ስንሄድ ከፈተው። መጀመሪያ የበግ ድምፅ፣ ከዚያ የኤፍሬም ድምፅ፣ ከዚያ የእኔ። ድምፄን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በልቶ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው።

«ከአጥንታችን ያልሆነ ሰው ከጓሳ አንድ እፍኝ ሣር አይቆርጥም! ንጋቱ ነው ያለው፣ አባቴ!»

«ለማን ነው ያሉት ጋሽ አጎናፍር? በምን ምክንያት?»

«ለማን ትለኛለህ? ለሁሉም ነው! ለዘላለም ነው! የንጋቱ ቃል እንዲህ ለአንድ ሰው የሚባል መሰለህ?»

«አቁመው» አልሁ። በይርጉ ላይ ሁለት ዓመት ያከማቸሁት እርግማን ወዴት እንደምጥለው ጠፋኝ። ቃሉን ለዘላለም ያደረገው ይርጉ አይደለም፣ ኤፍሬምም አይደለም። እኔ ነኝ።

መኩሪያ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ፀጉሩ ጥጥ ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ወፍራም ማዕተብ አስሯል። አንተ ልለው ስንት ዘመን ስዘጋጅ ኖሬ ነበር። ሳየው አፌ እንቢ አለ።

«እንደምን ዋሉ?»

«ማን ልበል?»

«አጎናፍር ነኝ። የንጋቱ።»

ጥርቡን አስቀመጠ። አየኝ፣ ኤፍሬምንም አየው። «ልትገድለኝ ነው?»

«ለዚያ ዘግይቻለሁ።»

«እንግዲያው ግቡ፤ ውጭ ይበርዳል» አለ።

ኤፍሬም የመጣንበትን ነገረው። ሽማግሌው እንዲህ ሲል ጀመረ፦

«ትእዛዝ መጣልኝ። ጓሳ በትራክተር ይታረሳል፣ ሠራተኛ ከሌላ አገር ይመጣል፣ እህሉ ወደ ላይ ይላካል። ወጣት ነበርሁ። መሬት የሕዝብ ነው የሚለውን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ሰበሰብኋቸውና ጓሳም የሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ በመንግሥት በኩል ያርሰዋል አልሁ። አባትህ ተነሣ። ‹ሕዝብ የምትለው ማንን ነው? እኛ እዚህ ነን፤ ሌላ ሕዝብ ጭነህ መጣህ ወይ?› አለኝ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በገንሁ። ‹ጓሳ የእናንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?› ብዬ ጮኽሁበት። ያን ቃል የተናገረው ያን ጊዜ ነው። ለእኔ ነው የተናገረው አጎናፍር። ለእኔና ለትራክተሬ።»

«ለምን ዘር ጠራ?» አለ ኤፍሬም።

«ምን ይጥራ ታዲያ? ወረቀት የለው፣ ካርታ የለው። የድሮውን የጓሳ ዳኝነት የመሬት ዐዋጁ ሽሮታል። በእጁ የቀረችውን አነሣ። አንተ ብትሆን ምን ታነሣ ነበር?»

ኤፍሬም ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈና «ከዚያስ?» አለ።

መኩሪያ ወደ እኔ ዞረ። «ከዚያ ላሳፍረው ፈለግሁ። በሕዝብ ፊት ‹ያ የእንጀራ ልጅህስ ከየትኛው አጥንት ነው?› አልሁት።»

የመጣሁበት ይህ ነበር፤ አሁን ግን ጆሮዬን ይዤ መሸሽ አማረኝ።

«ምን አለ?»

«ምን አለኝ መሰለህ። ‹ልጄ አሁን ጓሳ ላይ ነው፤ ተራው ነው። ሲዘጋ የሚጠብቅ ሲከፈት ይቆርጣል። አንተ ግን መምጣትህ ለመቁረጥ ብቻ ነው› አለኝ። ሰዉ በመጀመሪያው ቃል ገና ያጨበጭብ ነበርና ሁለተኛውን የሰማ የለም። እኔ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት አሰርሁት።»

«በየትኛው ነው ያሰርኸው?» አልሁ። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«በሁለተኛው። ለመጀመሪያው መልስ ነበረኝ፤ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ነህ እለዋለሁ። ለሁለተኛው አልነበረኝም።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ልጄ ብሏል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ሊያስሩት እንደሚችሉ እያወቀ፣ ልጄ አሁን ጓሳ ላይ ነው ብሏል። እኔ ያን ሰዓት ተራራው ላይ ቁጭ ብዬ ብርዱን እረግም ነበር።

ስመለስ «ነገ ጉባኤ አለ። መጥተው ይህንኑ ይናገሩ» አልሁት።

«በሕዝብ ፊት? የልጅ ልጆች አሉኝ እኮ። ሰውዬውን በእውነቱ አሰርሁት ልበል?»

«ይበሉ።»

«አንተ ምን ቸገረህ! አንተ ተበዳይ ነህ፤ ቆመህ ታዳምጣለህ።»

ኤፍሬምን አየሁት። «ያን መቅረጫ ክፈትለት» አልሁ። ድምፄ ወጣ። ለሁሉም ነው፣ ለዘላለም ነው። ሽማግሌው ሰምቶ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ይህንን ነገ ታሰማለህ?»

«አሰማለሁ።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ተቀመጠ። ይርጉ መነጽሩን አድርጎ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ቆመ።

«አጀንዳችን አንድ ነው፤ ደንቡን አጽድቀን መላክ።»

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጥያቄ አለኝ» አልሁ።

«ድርሻ የሌለው ሰው ጥያቄ የለውም። ቁጭ በል አጎናፍር።»

ሰብሳቢው ሽማግሌ «የአባቱ ስም አለበት አይደል? ይናገር» አሉ።

አንቀጹን ከይርጉ እጅ ወስጄ ራሴ አነበብሁት። ቀስ እያልሁ፣ በጣቴ እየተከተልሁ። «እሰይ ተማሪ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ። ይሳቅ። ከዚያ ኤፍሬም መቅረጫውን ከፈተው። ድምፄ በመስኩ ላይ ወጣ። ይርጉ እጁን አጨበጨበ።

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ! ለሁሉም፣ ለዘላለም!»

«ዋሽቻለሁ» አልሁ።

ወደ ሰዉ ዞርሁ።

«ስብሰባው ላይ አልነበርሁም። ለማን እንደተባለ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። አባቴን ትልቅ ያደረግሁ መስሎኝ ቃሉን ከተባለለት ሰው ነጥቄ ለዘላለም ሰጠሁት። ለሰባቱም ቤት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተባለለት ሰው ደግሞ ያውላችሁ።»

መኩሪያ ከኋላ ተነሣ። ጉምጉምታው እንደ ንብ ቀፎ ነበር። «ይሄ ደግሞ ከየት ተነሣ!» አለች አንዲት ሴት። እሱ ግን በትሩን ተደግፎ አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ትራክተሩን፣ ጥያቄውን፣ ሁለቱንም ቃል። «ስምንት ወር አሰርሁት። ያሰርሁት እውነት ስለተናገረ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ይርጉ ሞኝ አይደለም። «ይሁን፣ ለመኩሪያ ይባል» አለ። «ቃል ግን ቃል ነው። ያኔ ትራክተር ያስቆመ ቃል ዛሬ ሌላውን ለምን አያስቆምም? ሕግ ማለት ይህ አይደለም ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም አከብረዋለሁ። የመለስሁለት ይህን ነው፦ «አባቴ በዚያ ቃል በሩን የዘጋው ጓሳን ሊያጠፋ በመጣ ሰው ላይ ነው። አንተ የዘጋኸው ጓሳን ሲጠብቅ በኖረ ሰው ላይ ነው። ቃሉን ወስደሃል፤ ሥራውን ገልብጠኸዋል።»

ሰዉ ተነሣ። «የሚጠብቅ ይቁረጥ!» አለ አንዱ። «ሁለተኛው ቃል ይጻፍ! ሦስተኛው አንቀጽ እሱ ይሁን!» መስኩ ሁሉ ተቀበለው። ይርጉን አየሁት። ወደ ከተማ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን ለጥበቃ ወጥቶ አያውቅም። ያ ቃል ከተጻፈ የሚወጣው እሱ ነው። ይርጉም ገብቶታል፤ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ይጠርግ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። አፌን ከፈትሁ። ጻፉት ልል።

ከኋላዬ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ኤፍሬም ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋሽ አጎናፍር፣ ይህኛውስ ለማን ነበር የተባለው?» አለኝ።

ጠላሁት። የዚያን ሰዓት የጠላሁትን ያህል ይርጉንም ጠልቼው አላውቅም። ለመኩሪያ ነዋ! እሱም ለመኩሪያ የተባለ ነው። ዓይኔን ሳነሣ ደግሞ ከሴቶቹ መካከል አስካለን አየኋት። ባሏ ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የላትም፣ ወገቧ ተሰብሯል። ለጥበቃ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ቤቷን የምትከድነው በዚያው ድርሻዋ ነው። ይርጉን አስወጣለሁ ብዬ እሷንም አስወጣታለሁ፤ ያውም በአባቴ ስም።

«ሁለቱንም አውጡልኝ» አልሁ።

«ምኑን?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሁለቱንም ቃል። የአባቴንም ስም ከደንቡ ሰርዙልኝ። እሱ በጊዜው የመጣበትን በጊዜው መልሷል። የዛሬው ጥያቄ የእኛ ነው። ማን ድርሻ እንዳለው እዚህ ያለነው ሰዎች ተከራክረን በራሳችን ስም እንጻፈው። ብንሳሳት ልጆቻችን ማንን እንደሚወቅሱ ይወቁ።»

«ንጋቱን ከሕጋችን አጥፉት ነው የምትለን?»

«ከሕግ ላይ ይጥፋ። ከእኔ ላይ አይጠፋም።»

በዚያ ቀን አላለቀም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተጨቃጨቅን፤ ከዚያም በኋላ ስንት ሰንበት ሄደ። ደንቡ ግን ሰኞ ወደ ወረዳ አልሄደም።

አሁን የምናገረው ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ነው። ታረቅህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከይርጉ ጋር ሰላምታ እንጂ ዕርቅ የለንም፤ ሁለት ዓመት ጣራዬ ሲያፈስ ያደርሁትን ማንም አይመልስልኝም። መኩሪያንም ይቅር ብየዋለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ስጠራው እርስዎ እላለሁ፣ ከልቤ። ኤፍሬም ምዕራፉን እንደገና ጻፈው። ከመታተሙ በፊት ልኮልኝ ሦስት ቦታ ላይ ተሳስተሃል ብዬ መለስሁለት፤ ሁለቱን ተቀበለ፣ አንዱን እስካሁን እንከራከራለን። የሚልክልኝን የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ እያነበብሁ ነው። ከባድ ነው፤ አንድ ገጽ ሳምንት ይወስድብኛል። በየገጹ ዳር የምጽፈው ግን አንድ ነገር ነው፦ ለማን?

እናንተም እንዲህ አድርጉ። በሬዲዮም ይሁን በስልክ፣ አንድ ሰው «አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል» እያለ ሰውን ከሰው ሊያስወጣ ሲነሣ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። ለማን ብለውት ነው በሉት። ምን ተጠይቀው ነው በሉት። ከዚያ ቀጥሎ ምን አሉ፣ በጭብጨባው መካከል ያልተሰማው የቱ ነው በሉት። ቃሉን ከቦታው ማን ነቀለው ብላችሁም ጠይቁ፤ መልሱ እናንተው ልትሆኑ እንደምትችሉ እያወቃችሁ ጠይቁ። እኔ የደረሰብኝ ይህ ነው። አንባቢ የሆንሁት ፊደል በቆጠርሁ ቀን ሳይሆን «ዋሽቻለሁ» ባልሁ ቀን ይመስለኛል።

ሦስተኛው አንቀጽ ተሰርዞ፣ የሰባቱም ቤት ድርሻ፣ የአስካለም፣ የይርጉም፣ በሙሉ ጉባኤ የጸናው ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።